የነቀምቴውን ዋንዛ ማን አቀላው?

ጉቶ ጊዳ ተወልጄ ነቀምቴ ላይ ሸብቻለሁ። ዋንዛ በየትኛው ወር ምን እንደሚለብስ ስልክ ያስተምረኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ዘንድሮ ይህንንም አየሁ።

ጣጣው የመጣው ሚኒሶታ ካለችው የወንድሜ ልጅ ነው። እዚያ ጥቅምት ሲገባ ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ ይጠነክራል። የቅጠሉ አረንጓዴ ሲከስም ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ብቅ ይላል፤ አንዳንዱ ዛፍ ደግሞ ቀዩን ያኔውኑ አዲስ ይሠራዋል። እሷ ይህን ፎቶ ታነሳና በስልኳ የቅብ ሥዕል አስመስላ ለዘመድ አዝማዱ ትበትነዋለች። ያምራል። የሰው አገር ዛፍ ነውና ምንም አላልኩም።

የልጅ ልጄ ግን ቀናና ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። «አካኮ፣ ይዩትማ!» አየሁት። ዋንዛዬ አዋዜ የተደፋበት መስሏል።

ዋንዛ እኮ በጥቅምት የሚያወጣው ነጭ አበባ ነው! እኔ ባልታመን ንቡ ይጠየቅ። ቅጠሉን የሚያራግፈውም በበጋ ነው፤ እሱንም እንዲህ ተኳኩሎ አይደለም። እዚህ ወለጋ ረጅሙ ቀን ካጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ታዲያ ዛፉ ምን አስደንግጦት ይቅላ? በልጅነታችን የሚያጣብቅ ፍሬውን ደብተር መለጠፊያ ያደረግነው ዛፍ ነው። ጠባዩን አውቃለሁ።

የኛን ጥቅምት ማየት የፈለገ ከከተማ ወጣ ብሎ የኑግ ማሳ ይመልከት። ዳገቱ ቢጫ፣ ቁልቁለቱ ቢጫ። ልጁ እሱንም አንስቶት ኖሯል። ማሽኑ ቢጫውን ብርቱካናማ አደረገው፤ ማሳው ዳር የቆመችውን ፍየል ደግሞ ቁጥቋጦ አደረጋት። የመብራት ምሰሶውን ግን ሽቦው ሳይቀር ተጠንቅቆ ስሎታል። ማታ ማታ የሚጠፋብን አምፖል እንኳ ሥዕሉ ላይ ቦግ ብሏል።

እኔም ዛፉ ሥር ቆሜ ነበርና አልተረፍኩም። ጺሜ ወደ ቅጠሉ ፈሷል፣ ጋቢዬ ከግንዱ ጋር ተዋህዷል፣ አፍንጫዬ በአንድ የብሩሽ ጭረት አልቋል። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «አሁን ገና አማረብዎ» አለች።

ልጁ ማስረዳት ይወዳል። እንዳለኝ ከሆነ በ2015 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር፣ ቱቢንገን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች የአንዱን ፎቶ ቅርጽ ይዞ የሌላውን ሥዕል የቀለም አጣጣል የሚያለብስ ዘዴ አወጡ። በዓመቱ ፕሪዝማ የሚባል አፕ ይህንን የመሰለ ነገር በየሰው ኪስ አስገባው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ያሳዩበት ፎቶ የገዛ ከተማቸው የወንዝ ዳር ቤቶች ናቸው፤ ቀለም ከተዋሱባቸው ሥዕሎች አንዱ ደግሞ ቫን ጎህ በ1889 እ.ኤ.አ. የሳለው በከዋክብት የተሞላ ሌሊት ነው። እኔስ የምለው ይኸንኑ አይደል? ሰዎቹ የጀመሩት ከደጃቸው ነው፤ የተዋሱትም ከራሳቸው አህጉር ሠዓሊ። የኛ ልጅ ደጁን በሚኒሶታ ወቅት ይቀባል።

ሠዓሊ አጥተን ነው እንዳይባል፣ ለማ ጉያን የመሰለ ሰው ነበረን። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ቢሾፍቱ ተቀምጠው በፍየል ቆዳ ላይ የሰው ፊት ሲስሉ ኖሩ። እሳቸው ዘንድ ፍየሏ ቆዳዋ ለቁም ነገር ዋለ እንጂ ቁጥቋጦ አልሆነችም።

«እስቲ ከነዚህ ፊልተሮች መካከል የለማ ጉያን አውጣልኝ» አልኩት። ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አሯሯጠ። ጃፓን አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ስሙን የማልይዘው ሁሉ አለ። የለማ የለም። «ግን አካኮ፣ ሌላ ሥዕል የሚቀበል አፕ አለ፤ እናስገባዋለን» አለኝ። እስካሁን ጉድ የሠራኸኝ ታዲያ ስለምን ነው? አልኩት። ሳቀብኝ።

የነቀምቴ ልጆች ሆይ፣ መቀባቱን ቀቡ፤ እኔ ከልካይ አይደለሁም። የዋንዛውን ነጭ፣ የኑጉን ቢጫ ግን እንዳለ ተዉልን። ሽማግሌ ስትስሉ ደግሞ አፍንጫውን አትንኩበት።