ቤቱ ፈረሰ፣ ምላሱ ቀረ

ካዛንቺስ በ2017 ቤቱ ፈረሰ እንጂ ምላሱ አልፈረሰም። ማስረጃ ካስፈለገ፣ እሁድ ዕለት ስታዲየም አካባቢ ጀበና ቡና ከበን የሰማሁትን እነሆ። ተራቢዎቹ ሁለት ናቸው፦ የድሮ ጎረቤታችን ጋሼና ከዋሽንግተን የመጣው የእህታቸው ልጅ።

ልጁ ጀመረ፦ «ጋሼ፣ አሜሪካኖች ትዝታ ያውቁበታል። በፈረንጆቹ 1994 ስለ ቤዝቦል ብቻ ባለ 9 ክፍል ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን አሳዩ። ከ18 ሰዓት በላይ!»

«ያ በዱላ የሚመቱት? እሱን እኛ ገና ብለን በአንድ ቀን እንገላገለዋለን። 18 ሰዓት ምን ያወራሉ?»

«ታሪክ ነዋ! እርስዎ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የሚያሳይ ምን አለዎት?»

«እኔው አለሁ! ግብፅ ሁለቴ መርታን ሁለቴ ደረስንባት፤ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2! ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ሲቀበል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«በቴሌቪዥን?»

«ቴሌቪዥን እዚህ አገር የገባው በ1957። ሦስት ዓመት አርፍዶ መጥቶ ቢያመልጠው እኛ ምን እናድርግ?»

«ታዲያ ትኬት ቆርጠው ገቡ?»

«የአሥር ዓመት ልጅ ምን ትኬት አለው? በአንድ ትልቅ ሰው ካፖርት ሥር ሾለክኩ።»

«ያዩት ጨዋታውን ነው ካፖርቱን?»

«መጀመሪያ ካፖርቱን። ጭማሪ ሰዓቱን አብዝቼ የማወራው ለምን መሰለህ!»

ቡናው ቶና ደረሰ፤ ልጁ ግን አልበረደም። «እሺ፣ የሲድኒውንስ? ያኔ ቴሌቪዥን ነበረዎት።»

«መስከረም 15 ቀን 1993፣ የደመራ ዋዜማ! ኃይሌ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።»

«ጣሪያ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«አንቴና ይዤ! ‹ወደ ቀኝ! ተወው! አትንካው!› እያሉ ከታች ሲያዙኝ ሩጫው አለቀ።»

«ስለዚህ ምንም አላዩም።»

«ከሁሉ የበለጠውን አየሁ እንጂ! ደመራው ሳይለኮስ ሰፈሩ በእልልታ ሲቀጣጠል ከላይ ሆኜ አየሁ። እሱን የትኛው ካሜራ ቀረጸው?»

ልጁ ለአፍታ ዝም አለ፤ ዋሽንግተን ግን ካዛንቺስን ጨርሶ አላስረሳውም ኖሮ የመጨረሻውን ወረወረ፦

«ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጅ ሆኜ ሲነግሩኝ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጎል ያገባው ከአሥራ ስድስት ውስጥ ነበር። ዛሬ ከመሃል ሜዳ አደረጉት!»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ያኔ የምነግርህ ካዛንቺስ ሆኜ ነው፤ ስታዲየሙ ቅርብ ነበር። አሁን ያለሁት ገላን ጉራ ነው። ቤቴን ይህን ያህል ካራቁት፣ ኳሱ ቢርቅ ምን ይገርምሃል?»