ትራንዚስተር መግደል የፈለገ እንዲህ ያድርግ

አምፕሊፋየር በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ትራንዚስተር መግደል ከፈለገ የሰርኪዩቱን ሥዕል ማበላሸት አያስፈልገውም። ሥዕሉ ትክክል ይሁን፣ ሬዚስተሩ ሁሉ ተለክቶ ይግባ፣ ሶልደሩም ጥርት ያለ ይሁን። ትራንዚስተሩን ሂትሲንኩ ላይ ሲያስር ብቻ ይቸኩል፤ ይበቃዋል። በቤት ተሠርተው ለጥገና ከሚመጡልኝ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ የተቃጠሉት እዚህች ቦታ ላይ፣ ከወረቀት በምትሳሳ ክፍተት ምክንያት ነው። የአገዳደሉን መንገድ እንዳየሁት የምጽፈው፣ የወራት ልፋቱ ጢስ ሆኖ የቀረበትን ሰው ፊት ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ፣ የትራንዚስተሩ የመረጃ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዋት ይመን። ቱ ኤን 3055 የሚባለውን የብረት ቆብ የለበሰ ትራንዚስተር የማያውቅ ጠጋኝ የለም። ወረቀቱ 115 ዋት ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ትንሽ ላሜራ ላይ ይሰረውና 50 ዋት ይጫንበት። 115 ዋት የሚባለው ግን የትራንዚስተሩ ገላ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንዳለ ከቆየ ነው፤ ያን ሁሉ ሙቀት እያወጣ ለእጅ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሂትሲንክ ማንም ቤት የለም። ውስጡ ያለችው ሲሊኮን ከ200 ዲግሪ ማለፍ የለባትም፤ ከእሷ እስከ ገላው ድረስ ደግሞ በእያንዳንዱ ዋት አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ልዩነት አለ። ስለዚህ ገላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ትራንዚስተሩ የሚችለው 65 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቲፕ 41ን የመሰለው ትንሹማ ያለ ሂትሲንክ ሲተው በየዋቱ 62 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ 2 ዋት ብቻ የመጨረሻ ወሰኑ ወደሆነው 150 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሁለት ዋት!

ቀጥሎ ሂትሲንኩን በትራፓኖ ይብሳና የቀዳዳውን አፍ ሳያጸዳ ይተው። ፑንታው አሉሚኒየሙን በስቶ ሲያልፍ በቀዳዳው ዙሪያ ስስ ከንፈር ያቆማል። ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ጥፍር ሲሄድበት ግን ይይዛል። ይህች ከንፈር ትራንዚስተሩን ከገጹ ታነሣዋለች፤ ከሥሩም አየር ይገባል። አየር ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ከአሉሚኒየም በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ከዚህ የባሰው ግን ማይካውን፣ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ በትራንዚስተሩና በሂትሲንኩ መሀል የሚገባውን ስስ ንጣፍ፣ መብሳቷ ነው።

ይህ በእኔ ደርሷል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ አምፕሊፋየር ሠራሁ። ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ አጫውቼው ምንም አልሆነም። ድንኳኑ ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል፣ ብረቱም ግሎ ሲለጠጥ፣ ከንፈሯ ማይካውን በስታ ወጣች። የእነዚህ ትራንዚስተሮች ገላ ራሱ ኮሌክተሩ ነው፤ 35 ቮልት ተሸክሟል። ሂትሲንኩና ሳጥኑ ደግሞ ግራውንድ ናቸው። የፖዘቲቩ ፊውዝ ተበጠሰ። የኔጌቲቩ ግን ደኅና ስለነበረ ስፒከሩ ላይ 35 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ወረደበት። በ8 ኦም ስፒከር ይህ ከ4 አምፔር በላይ ነው፤ 150 ዋት ገደማ፣ ድምፅ የሌለው፣ ሙቀት ብቻ የሆነ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ የተቃጠለው ኮይል ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ስፈታው ማይካው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አገኘሁ፤ ዙሪያዋ ቡናማ ሆኗል። ያችን ማይካ እስከ ዛሬ በክብሪት ቀፎ አስቀምጫታለሁ። ከዚያ ወዲህ የበሳሁትን ቀዳዳ ሁሉ ከእሱ በሚሰፋ ፑንታ በእጄ አዙሬ አፉን እጠርጋለሁ፤ ብርጭቆ ወረቀት መስተዋት ላይ ዘርግቼ ገጹን አስተካክላለሁ፤ በመጨረሻም ዓይኔን ጨፍኜ ጥፍሬን አሳልፍበታለሁ።

በነጩ ፔስትም መግደል ይቻላል። አንዱ ጨርሶ አለመቀባት ነው። ሌላው ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ማርማላታ ማወፈር ነው፤ ይህን የሚያደርጉት በተለይ ትራንዚስተራቸውን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል። ፔስት የአየርን ቦታ እንዲይዝ እንጂ ብረትን እንዲተካ አልተሠራም። ከአየር በብዙ ቢሻልም ከአሉሚኒየም ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ሥሩ ያለው ብረት እስኪታይ ድረስ በስሱ ይቀባል፤ ማይካ ካለ በማይካው ሁለቱም ገጽ፣ ምክንያቱም ክፍተቱ ሁለት ነው። ከዚያ አጥብቃችሁ አንዴ ፍቱትና አሻራውን እዩ። መሀሉ ስስ ሆኖ ግራጫው ብረት ብቅ ካለ፣ ዳር ዳሩንም ነጭ መስመር ከከበበው፣ ሁለቱ ብረቶች ተገናኝተዋል። በአንድ ወገን ወፍሮ ከቆመ ትራንዚስተሩ ተንጋዷል። በማይካ ፋንታ የጎማ ንጣፍ የሚያደርግ ሰው ፔስቱን ይተወው፤ ጎማው ብቻውን እንዲሠራ የተሰናዳ ነው።

ቡሎኑንም እስኪያቅተው ያጥብቅ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ትንሹ ትራንዚስተር ቡሎኑ የሚገባው በአንድ ጫፉ ነው፤ ሲሊኮኗ ያለችው በሌላው። ቡሎኑ ከልክ ሲያልፍ ቀዳዳው ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ሲሊኮኗ ያለችበት ወገን ከብረቱ ይነሣል። አጥብቄያለሁ ያለው ሰው በትክክል ማቀዝቀዝ ያለበትን ቦታ አላቀቀው። እኔ ባለ ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገባለሁ፤ ሲመቸኝ ደግሞ ቀዳዳውን ትቼ ፕላስቲኩን ከላይ በአግድም ብረት እጫነዋለሁ። እግሮቹን አስቀድሞ ሶልደር አድርጎ በኋላ ቡሎን ማጥበቅም ያው ጥፋት ነው፤ ገላው ወደ ብረቱ ሲሳብ እግሮቹ ይጎተታሉ፤ ከወር በኋላም ሶልደሩ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ይታሰር፣ ቀጥሎ እግሩ ይያዝ።

ለትላልቆቹ ትራንዚስተሮች የቤዝ ቮልቴጅ የሚወስነውን ትንሽ የባያስ ትራንዚስተር ከሂትሲንኩ አርቆ ሰርኪዩቱ ላይ መተው ደግሞ ጊዜ የሚወስድ ግን የማይስት መንገድ ነው። ሲሊኮን አንድ ዲግሪ በጋለች ቁጥር የምትፈልገው የቤዝ ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ከሂትሲንኩ የራቀው ትራንዚስተር ግለቱን ስለማያውቅ ቮልቴጁን አይቀንስም። ስለዚህ ትላልቆቹ ሲግሉ ከረንት ይጨምራል፣ ከረንቱ ያግላቸዋል፣ ግለቱ ከረንቱን ይጨምራል። ሙዚቃ ሳይከፈት እንኳን ራሳቸውን ይበላሉ። መድኃኒቱ ያችን ትንሽ ትራንዚስተር ከትላልቆቹ አጠገብ ሂትሲንኩ ላይ ማሰር ነው።

በመጨረሻ፣ ቸኳዩ ሰው ሶኬቱን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ።

እኔ ግን አልሰካም። አምፕሊፋየሩ ከመብራት እንደተነቀለ ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ሂትሲንኩ ላይ፣ ሌላውን በየተራ በእያንዳንዱ ኮሌክተር ላይ አሳርፋለሁ። አንዱ እንኳን ከጮኸ ሁሉንም ፈትቼ ማይካውንና ቡሎኑን ከብረቱ የሚለየውን ፕላስቲክ ቡሽ አያለሁ። ሁሉም ዝም ካሉ ባለ 100 ዋቱን የድሮ አምፖል በመስመሩ መሀል አስገብቼ፣ ስፒከሩን ሳላገናኝ፣ ማብሪያውን እጫናለሁ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲደበዝዝ መዳፌን ሂትሲንኩ ላይ አሳርፌ ቀስ ብሎ ሲሞቅ እጠብቃለሁ።