ፒስተን ስለሌለው ሞተር፣ ለአዋሽ አርባው አጎቴ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣
አዋሽ አርባ

ጋሼ፣ እኔ ከናፍቆትዎና ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነኝ።

ሙቀቱን የጠቀስሁት ለማማረር አይደለም። ዲቪ ሲደርሰኝ እትዬ «እንግዲህ ከዚህ እሳት ተገላገልክ» ብለው እልል ሲሉ መጨረሻዬ ላስ ቬጋስ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አምና ሰኔ 30 ቀን 2016 እዚህ 48.9 ዲግሪ ሆነ፤ በከተማዋ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ የባሰ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ማቀዝቀዣ ሥር ተኝቶ ሳለ እኔ በእግሬ ውኃ ልገዛ ስወጣ፣ ጎረቤቴ በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ አምቡላንስ ልጥራልህ ወይ አለኝ። የአርባ ልጅ መሆኔን በምን ቋንቋ ላስረዳው?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በድምፅ የላክሁልዎትን ሁሉ «ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፤ በጽሑፍ ላክ» ብለው ስለመለሱብኝ ይኸው ጻፍሁ። ከጅቡቲ ሲመለሱ ሻይ ቤቱ ከሚያርፉት የተሳቢ ሾፌሮች ከአንዱ ጋር በሙክት ፍየል መወራረድዎን ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ አይበሉኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ተገናኝተው ለዳጉ ከተቀመጡ ወሬው ሰመራ ሲደርስ ሲኖትራኩ ገና ገዋኔ ነው፤ ከሰመራ እስከ ላስ ቬጋስ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ሾፌሩ «ፒስተን የሌለው የቤንዚን ሞተር አለ፣ የእህትዎ ልጅም እሱን እየጠገነ ነው» ብሏል። እርስዎ «ከኤንትሬ ጀምሮ ስንት ሞተር ፈትቻለሁ፤ ፒስተን የሌለው ሞተር የለም፤ ልጁም እየቀለደ ነው» ብለዋል።

ጋሼ፣ ፍየሉን ያዘጋጁ።

መኪናዋ ማዝዳ አርኤክስ 7 ትባላለች፤ በፈረንጅ የ1988 ሥሪት፣ ባለ ተርቦ። ኮፈኗን ከፍተው ቢያዩ ቴስታታ የላትም፣ ቫልቭ የላትም፣ ፒስተንም የላትም። በፒስተን ፈንታ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች አሏት፤ ጎናቸው ቆዘር ያለ፣ በደንብ የተሞላ ሳምቡሳ ማለት ናቸው። ሳምቡሳው በሞላላ ቤት ውስጥ ሲዞር ሦስቱ ጫፎቹ ግድግዳውን ለአፍታ አይለቁም። በጫፍና በጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ሲጠብ ያምቃል፣ ካንዴላው ይለኩሳል፣ ከዚያ ጭሱ ይወጣል። ሦስቱም ጎኖች ተራ በተራ ይህንኑ ያደርጋሉ። ካንዴላው ለአንዱ ሳምቡሳ ሁለት፣ በድምሩ አራት ነው። በየጫፉ ከሥሩ ሞላ ያለው ቀጭን ብረት ተሰክቷል፤ እኛ ጋ ፋሻ የሚሠራውን የሚሠራው እሱ ነው። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ ሞቷል፣ ከተጣበቀ ደግሞ ተኝቷል። የእኛዋ ተኝታ ነው የተገኘችው።

ይህን ሞተር ያፈለቀው ፌሊክስ ቫንክል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ዓይኑ በጣም ደካማ ስለነበር መንጃ ፈቃድ ኖሮት አያውቅም። ይህችን ለሾፌሩ ይንገሩልኝ፤ ፍየሉን ባታስቀርልዎትም አፉን ታሲዘዋለች። ሐሳቡን የሙጥኝ ብሎ ዳር ያደረሰው ግን የጃፓኑ ማዝዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ጫፎቹ ግድግዳውን እየቧጨሩ ስላስቸገሩ፣ መሐንዲሶቹ ጭረቱን የሰይጣን ጥፍር ምልክት ብለውት ነበር። ያንን አሸንፈው በፈረንጅ በ1967 የመጀመሪያዋን ኮስሞ የምትባል መኪና ለገበያ አወጡ፤ በ1991 ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሞተር ፈረንሳይ አገር ለ ማን ላይ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፉ። የመጨረሻውን ፈረቃ የነዳው እንግሊዛዊ ከመኪናው እንደወረደ በድካም ወድቆ፣ ጓደኞቹ መድረክ ላይ ሲሸለሙ እሱ አልነበረም። ከገላፊ እስከ አዋሽ አንድ ትንፋሽ የሚነዱት የእርስዎ ሾፌሮች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይሁንና እዚህ አልጽፈውም፣ እትዬ ያነቡታል።

ባለቤቷ ያገራችን ሰው፣ የታክሲ ሾፌር ነው። እንደመጣ፣ ሳያገባ፣ ከአንድ ጎረምሳ ገዛት፤ አገባ፣ ልጆች መጡ፣ መኪናዋ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ጋራዥ አስገብቶ ቆለፈባት። ጋሼ፣ እዚህ አገር ጋራዥ ሲባል የሚሠራበት እንዳይመስልዎት፤ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ የመኪና ክፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን መኪናው ውጭ ያድርና ዕቃው ውስጥ ያድራል። ሐበሻ ቤት ደግሞ እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ የቡሆው ባልዲ፣ የጤፉ ከረጢት። በአርኤክስ 7 ጣራ ላይ አገር ቤት ሊላክ የተጠራቀመ ልብስ፣ በኮፈኗ ላይ ሰፌድ፣ በኋላ ክንፏ ላይ የሚደርቅ ፎጣ ነበር። ክንፉ የተገጠመው በሩጫ ጊዜ መኪናዋ እንዳትነሣ ተብሎ ነው። ለፎጣው ግን በጣም ይመቻል።

አሁን የበሽታዋን ምንጭ ልንገርዎት። ሰው ሁሉ በመቆም ብዛት ተበላሸች ይል ነበር። መቆም የጎዳው የሚታወቀውን ነው፤ ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ ሰልባትዮው ውስጥ ደርቋል፣ የነዳጅ ፖምፓው ነክሷል፣ ኢንጀክተሮቹ ተደፍነዋል፣ ፍሬኑ ከዲስኩ ጋር ተጣብቋል፣ አይጥ መቀመጫው ሥር ወልዳለች። ይህ ሁሉ የሳሙና፣ የጊዜና የትዕግሥት ጉዳይ ነው። የገደላት መሻሻሏ ነው። ያ ጎረምሳ ሞዲፋይ አደርጋለሁ ብሎ መሐንዲስ አስቦ የከተተውን ሁሉ አውጥቶ ጥሏል። እኛ ጋ መኪና ሲሻሻል ይጨመርበታል፤ አይሱዙው ላይ ባሌስትራ ይደረባል፣ ሳንቃው ይረዝማል፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ዱካ ትገባለች። እዚህ ይቀነስበታል። ሞላዋን በግራይንደር ቆርጦ ሆዷን መሬት አስነክቷታል፤ ጭስ ማጣሪያዋን ቆርጦ በምትኩ ክንድ የሚያስገባ ቱቦ በይዷል። የእኛዎቹ ከልክ በላይ ይጭናሉ፣ እነዚህኞቹ ከልክ በላይ ያራግፋሉ፤ ሁለቱም ጋራዥ ያበላል።

ከጣላቸው ነገሮች አንዷ ዘይት መጥና ወደ ሞተሩ የምታንጠባጥብ ትንሽ ፖምፓ ናት። ይህ ሞተር ሲፈጠር ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ዘይት እንዲያቃጥል ነው የተሠራው፤ ጫፎቹ የሚለሰልሱት በእሷ ነው። ልጁ «ዘይት ትበላለች» ብሎ ነቀላት። ዘይት መብላቷ ሕመም አልነበረም፣ ደመወዟ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ ገዝቼ መለስሁላት።

የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቆ ደግሞ ሾጣጣ ማጣሪያ ፊት ለፊት ገጥሟል፤ ሲነዱት እንዲያፏጭ። ምጣዱ ያለው ከዚያ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ማጣሪያውን ፈትቼ ጋዜጣ ላይ መታ መታ ሳደርገው ሠርገኛ ጤፍ ወረደ። የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብለው አዩና «ይህ እኮ ለአንድ እንጀራ ይበቃል» አሉ። እንዳይጋግሩት ፈርቼ ቶሎ ጠቅልዬ ጣልሁት።

እንግዲህ ማስነሣቱ። ባለቤቱ ባትሪ ገዝቶ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጁን ያዝሁት። «የተኛ ሞተር በሞተሪኖ አይቀሰቀስም፤ መጀመሪያ በእጅ አዙረህ ስማው» የሚለው የእርስዎ ቃል ነው፤ ለአይሱዙ የተነገረው ለማዝዳም ሠራ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በቀዳዳቸው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አፈሰስሁባቸው፤ ካርቦኑን አርሶ የተጣበቁትን ጫፎች እንዲያላቅቅ። አሳድሬ በትልቅ ቁልፍ ከፊት በኩል ቀስ እያልሁ አዞርኋት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ «ፍስ... ፍስ... ፍስ» አለች፤ ሦስት ለአንድ ሳምቡሳ፣ ሦስት ለሌላው። ስድስቱም እኩል ሲተነፍሱ ስሰማ አጠገቤ እርስዎ ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትሕትና እንድቃወምዎ ይፍቀዱልኝ። እርስዎ «ቴርሞስታት ለብርድ አገር ነው፤ አዋሽ ላይ ምን ይሠራል?» እያሉ ከስንቱ መኪና እንዳወጡ አውቃለሁ፤ የተጠራቀሙበትን የወተት ጣሳም አውቀዋለሁ። ያ ጎረምሳም ልክ እንደ እርስዎ አስቦ አውጥቶታል። በዚህ ሞተር ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሲሞቅ በላይ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል፣ በታች ባለችው ሳህን ደግሞ ውኃው ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን አቋራጭ ይደፍናል። ካወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። አቋራጭ እያለ ማን ዞሮ ይሄዳል? ብዙው ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ እዚያው ሲመላለስ ሞተሩ ይነድዳል። ይህ ሞተር ደግሞ በብረትና በአሉሚኒየም ንብብር የተሠራ፣ መካከሉ በጎማ የታሸገ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከጋለ ውኃ ውስጥ ውስጡን ይገባበታል። አዲስ ቴርሞስታት ከተትሁ። በ44 ዲግሪ ቀን መብራት ላይ ቆማ መርፌዋ ንቅንቅ አላለም። ጣሳውን እንደገና ይዩት እላለሁ እንጂ ሌላ አልጨምርም።

ሞተሯ የተነሣች ዕለት ያፈሰስሁት ዘይት ሁሉ በዚያ ክንድ በሚያስገባ ቱቦ ነጭ ጭስ ሆኖ ወጣ። ሰፈሩ ጠፋ። ድምፁ ደግሞ መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ ባለፈው ጥር ፈንታሌና ዶፈን ሥር መሬቱ ሲናወጥ እናንተ ሜዳ ላይ ስታድሩ ስልክ ታቅፌ ያደርሁበት ሌሊት ትዝ ብሎኝ እኔ ራሴ በሩን ይዤ ቆምሁ። እሳት አደጋዎች በትልቅ መኪናቸው መጡ፤ እሳት አጥተው ቆም ብለው ሞተሯን አይተው፣ አንደኛው ፎቶ ተነሥቶባት ሄደ። በማግሥቱ የሰፈሩ ማኅበር ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ማኅበር አለን ጋሼ፤ በየወሩ ይከፈላል፣ ግን ድንኳንም ብረት ድስትም የለውም፤ ሥራው ስለ ሰው ግቢ ሣር መጻፍ ነው።

ከዚያ ቦሎ አለ። እዚህ አውራጃ በፈረንጅ ከ1968 ወዲህ የተሠራ፣ አዲስ ያልሆነ የቤንዚን መኪና በየዓመቱ ጭሱ ይመረመራል፤ «ነገ ና» የለም፣ እንደዚህች አሮጌ ከሆነ መሣሪያው አፍንጫውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከትና ቁጥር ይናገራል። ስለዚህ የተጣለውን ጭስ ማጣሪያ መልሼ ማስበየድ ነበረብኝ። አለፈች። መብራቶቿ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚሉ ናቸው፤ የግራው ብቻ ብቅ ብሎ የቀኙ ስለቀረ መርማሪው ጠቀሰችኝ ብሎ ሳቀ። እሱንም አስተካክያለሁ።

«ላካትና አርባ ላይ እንያት» ብለው ለጠየቁኝ፦ ከጥር 2016 ጀምሮ አገራችን በኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት መኪና አይገባም ብላለች። ድሮም ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጭን ነበር። ታክሱ ሻል ይል የነበረው እስከ 1300 ሲሲ ላለው ነው፤ የእኛዋ 1308 ናት። በ8 ሲሲ! ደግሞ የውድድር ዳኞች «የዚህ ሞተር ሲሲ ተባዝቶ ይቆጠር» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ጉምሩክ ይህን እንዳይሰማ። ይህን ሁሉ ብትሻገር እንኳ ሞላዋ ገና ስላልተቀየረ የአርባ መግቢያ ላይ ያለው የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ተሰቅላ ትቀራለች፤ ግመል ከመጣባት ደግሞ ከሆዱ ሥር ነው የምታልፈው።

ባለቤቷ አሁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄድባታል፤ ሚስቱ በሌላ መኪና ከልጆቹ ጋር ይከተሉታል። ጋራዡ ሙሉ በሙሉ የምጣዱ ሆኗል።

በመስከረም ከሚመጣው ሰው ጋር ኮምፕሬሽን መለኪያ ልኬልዎታለሁ። ሁለት ነው፤ ቀዩ ሣጥን የናፍጣ፣ ሰማያዊው የቤንዚን። የቤንዚኑን አይሱዙ ላይ እንዳይሰኩት፤ መርፌው ዞሮ ዞሮ ይሰበራል። ረዳትዎ «ይችላል» ቢልዎትም አይችልም። ሰውየው ኪሎ በዛብኝ እያለ ስለሆነ እትዬ የጠየቁት ብርድ ልብስ በሚቀጥለው ነው፤ ለምን ብርድ ልብስ እንዳስፈለጋቸው ግን ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ