የጋሼ ዓመል

አጎቴ ማኪያቶ ያልመለሱበት የፒያሳ ኬክ ቤት የለም። አንዱ ጋ ወተቱ በዝቶ፣ አንዱ ጋ ቀዝቅዞ፣ ሌላው ጋ አስተናጋጁ ሲያቀርብላቸው ፊታቸውን ስላላየ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ ስለኖሩ ነው መሰለኝ፣ ጉድለት ሳያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ቅዱስ ጊዮርጊስን ተሳልመው ሲኒማ ኢትዮጵያ እስኪደርሱ ከሊስትሮው፣ ከሎተሪ አዟሪውና ከመኪና ጠባቂው ጋር ተጨቃጭቀው ይጨርሳሉ።

በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ጋሼም እንደ ጎረቤቶቻቸው ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ገቡ ማለት አዳራቸው እዚያ ሆነ እንጂ በየጠዋቱ ታክሲ ተሳፍረው ፒያሳ ናቸው። የፈረሰውን ሰፈር የከለለው የቆርቆሮ አጥር ጥግ ቆመው ዘበኛውን «የኔ በር የት ደረሰ?» እያሉ ሲያፋጥጡ አንድ ዘመድ አየና ወሬው ቤተሰቡን አዳረሰ፤ ጋሼ ናላቸው ዞሯል!

ጉባኤ ተቀመጥን። ታላቅ እህታቸው እትዬ እንጦጦ ጠበል አሉ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በቫይበር ሆኖ «ባይፖላር ናቸው» ብሎ ፈረደ። አማኑኤል ሆስፒታልን ያነሳ ሰው ግን ተገላመጠ። ጣልያን በወረራው ዘመን ያቋቋመው፣ ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው ይህ ቤት፣ ስሙ በሰፈራችን መሰዳደቢያ ከሆነ ቆይቷል። በመጨረሻ «ለደም ግፊት ነው» ብለን ዋሽተን አንድ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ጋሼ ገና ሳይቀመጡ የግድግዳው ሰዓት ወደኋላ መቅረቱን ለሐኪሙ ነገሩት።

«ይሄ ነገር ከመቼ ጀመራቸው?» አለ ሐኪሙ።

«ከተወለደ!» አሉ እትዬ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይተኛሉ? ይበላሉ? ገንዘብ መበተን አምጥተዋል? ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማቸዋል? ለሁሉም መልሳችን «ደህና ናቸው» ሆነ። «እኔ ከጎረቤት ጋር አላወዳድራቸውም፣ ከድሮው ጋሼ ጋር ነው እንጂ፤ እንደምትሉኝ ከሆነ ደግሞ ያው ናቸው» አለን። በሩ ለፈረሰበት ሰው በሩን መጠየቅ እብደት አይደለም፤ ይሄን ለማወቅ የካርድ መክፈላችን ነው የሚቆጨኝ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግልባጩ ነው። ትምህርቱን ጥሎ ክፍሉን የዘጋ የሃያ ዓመት ልጅ፣ «ጠባዩ ነው፣ ዓይን አፋር ነው» እየተባለ በሽታው ሥር ይሰዳል። ተመራማሪዎች ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ፍለጋ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ሲጠይቁ የመንደሩን ሰዎችም አማክረው ነበር። ጎረቤት የሚያየውን ቤተሰብ አንዳንዴ ስለለመደው አያየውም።

ዘንድሮ ክረምት ጋሼ ማኪያቶ መመለስ ተዉ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ሰከኑ» አለ። አንድ ቀን አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ወተቱ ቆዳ እስኪያበጅ ዝም ብለው አዩትና እንደ ቀዘቀዘ ጠጡት። የሚያውቃቸው አስተናጋጅ ደንግጦ መጣና «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አላቸው። መልስ የለም። ቀበቶአቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ስጠይቃቸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ እንደሌላቸው፣ ምግብም አፈር አፈር እንደሚላቸው ነገሩኝ፤ ከጀመራቸውም ሰንብቷል።

እዚያው ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝም አይባልም አለና የደም ምርመራ አዘዘ፤ የእንቅርት ዕጢ መታወክም እንዲህ ያደርጋል። ደሙ ደህና ነበር። ድብርት ነው ተባለ፤ መድኃኒቱም እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። እትዬ ጠበሉን በጀሪካን ይዘው ከተፍ አሉ። መድኃኒቱ ይቅር እንዳይሉ ስሰጋ፣ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አይጣሉም ማለታቸውን ራሳቸው ጠቀሱልኝና ክኒኑን ቆጥረው ያስውጧቸው ጀመር።

ማታ ከአሜሪካ ተደወለ። «ታዲያ አሁን ተረጋጉ?»

«አዎ» አልኩት፤ «ሐኪም ቤት የወሰድናቸውም ለሱ ነው።»