የቤዝመንቷን ድሬዳዋ ለማቋቋምና ለማስተዳደር የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 1/87

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ሆና ሳለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ልጇ ግን አንድ ፉርጎ እንኳ በሌለበት ቤት ለብዙ ዘመን የኖረ በመሆኑ፤

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው የሺሚንደፈር መስመር ሥራ ካቆመ ወዲህ «እኔም ተሳፍሬበታለሁ» የሚለው ሰው ቁጥር በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመምጣቱ፤

ቤዝመንቱን ለተከራይ ለመስጠት በላይኛው ምክር ቤት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት ቦታውን በልማት አጥሮ መያዝ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

እኛ፣ የቤዝመንቷ ድሬዳዋ ከንቲባ፣ የጣቢያ ሹም፣ ባቡር ነጂ፣ የመብራት ሠራተኛና ቀለም ቀቢ፣ የሚከተለውን አውጀናል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቤዝመንት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በላይኛው ምክር ቤት ፊት ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ነዋሪ» ማለት ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከእግሩ ሥር በጠብታ ኮላ የተያዘና አቤቱታ የማያቀርብ ሰው ነው። «የመንግሥት እጅ» ማለት ባቡር ከሃዲድ በወጣ ቁጥር ከሰማይ ወርዳ የምታነሳው የእኛው ቀኝ እጅ ናት፤ ነዋሪው ለምዷታል፣ ቀና ብሎም አያያት። «የላይኛው ምክር ቤት» ማለት ከደረጃው በላይ ያለው ቤት ሲሆን፣ ብቸኛዋ አባል ባለቤታችን ነች። ጉዳዩ ሁሉ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል።

አንቀጽ 3፦ ስለ መጠን

በከተማዋ ያለ ነገር ሁሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በዚህ ልክ አንድ ሜትር የነበረው የአሮጌው ሃዲድ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው 12 ስለሆነ የግማሽ ሚሊ ሜትር ምሕረት ተደርጓል።

ርዝመቱ ግን በምሕረት የሚያልቅ አይደለም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሃምቡርግ ውስጥ ብራውን የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 በከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ በተባለ የአሻንጉሊት ባቡር ትርኢት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሃዲድ ዘርግተዋልና ነገሩ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ለእኛ የተመደበው 7 ሜትር ነው፤ እሱም ማሞቂያውን ዞሮ። ስለዚህ የኤረር፣ የአፍደምና የሚኤሶ ጣቢያዎች በአንድ ኩርባ ላይ ተዳብለዋል። መተሐራ ለጊዜው ቀርቷል፤ የመተሐራ ተወላጆች ቅሬታቸውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ፣ መልስ ግን አይጠብቁ።

የባሰው ከፍታው ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ናት፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ለ87 ቢካፈል አዲስ አበባ ከጅቡቲ 26 ሜትር ከፍ ብላ ልትቆም ነው፤ ይህም ስምንት ፎቅ ያህል ነው። የቤዝመንታችን ጣሪያ 2 ሜትር ከ10 ስለሆነ ዋና ከተማዋን ለመሰረዝ ተገደናል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በመጋረጃው ሥር አልፎ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ይሰወራል፤ እንደደረሰም ይቆጠራል። ዳገት ሲያስቸግር ከተማ መዝለልን ደግሞ እኛ አልጀመርነውም። ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ አቀበቱ ኪስ የሚያራግፍ ሆኖ ቢገኝ፣ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ያቺው ድሬዳዋ ነች።

አንቀጽ 4፦ ስለ ባሕር በር

የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ልብስ ማጠቢያው ያለበት ክፍል በሙሉ በላይኛው ምክር ቤት ግዛት ሥር ስለሆነ ከተማችን የባሕር በር የላትም። በረጅም ድርድር በተደረሰው የትራንዚት ስምምነት መሠረት ለወደቡ ኪራይ በሳምንት አንድ ቅርጫት ልብስ አጣጥፈን እናስረክባለን። ካልሲ ከነጥንዱ።

ስምምነቱ ያላሰበው ነገር የማሽኑ መንቀጥቀጥ ነው። ማሽኑ ወደ መጭመቅ ሲሸጋገር መርከቦቹ አንድ በአንድ ወደ ጠርዙ ይሰለፋሉ፤ የወደቡ ክሬን ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ በኮላ ተጠግኗል። ስለሆነም በመጭመቅ ላይ ሳለ ማናቸውም ባቡር ከድንበር ጣቢያዋ ከደወሌ እንዳያልፍ ታግዷል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ዜግነት

የከተማዋ ሕዝብ በሙሉ ከጀርመን አገር ታሽጎ የመጣ ነው። ለአሻንጉሊት ባቡር ከተሞች ሰው የሚሠራው ፕራይዘር የሚባለው ኩባንያ የላከልን ካፖርት የደረበ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ የቢራ ብርጭቆ ያነሳ ሰው ነው። በድሬ ሐሩር ካፖርት ለብሶ የሚቆም ቢገኝ ሐኪም ይጠራለታል እንጂ ቲኬት አይቆረጥለትም። ስለዚህ ዜግነት ጠያቂው በወረንጦ ተይዞ የካፖርቱ ጫፍ በምላጭ ይላጣል። ከወገቡ በታች የጥፍር ግማሽ በምታህል የሶፍት ቁራጭ ሽርጥ ይታጠቅለታል፤ ሶፍቱ በውሃ በቀጠነ ኮላ ይርሳል፤ ሲደርቅ ሦስት ፀጉር በቀራት ብሩሽ አረንጓዴና ቡናማ መስመር ይሰመርበታል። በዚህ ጊዜ መተንፈስ ክልክል ነው። ጃንጥላው አይነጠቅም፤ ለፀሐዩ ይሆነዋል።

ከጥቅሉ ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ የተጫማ ሰውዬ መውጣቱ አስተዳደሩን አሳስቦት ነበር። ጉልበቱ የታጠፈ፣ ሁለት እጁ ወደ ፊት የተዘረጋ ነውና ሸርተቴውና ዱላው ሲነቀሉ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና የጋሪ ነጂ ሆኗል። አሁን ከጣቢያው በር ላይ ከፔጆ 404 ታክሲዎቹ ጋር ተሰልፎ ተሳፋሪ ይሻማል። በከተማዋ ከፍተኛ የሥራ ዕድገት ያሳየ ሰው እሱ ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ መብራት መጥፋት

ባቡሩ ኃይል የሚያገኘው ከሁለቱ ሃዲዶች ነው፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት እንዲመለስ ሃዲዱን ቀለበት አድርጎ መልሶ ራሱ ላይ የገጠመ ሰው ቀኙን ከግራው ጋር አገናኝቷልና ኮንታክት ይፈጠራል፣ ከተማው ይጨልማል። መድኃኒቱ በቀለበቱ ጫፍና ጫፍ ሁለቱንም ሃዲድ በመጋዝ ቆርጦ ከቀሪው መለየት፣ ባቡሩ ቀለበቱ ውስጥ ሳለ ፖላሪቲውን የሚገለብጥ መሣሪያም ማስገባት ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን የአሻንጉሊት ባቡር በመሃል ሦስተኛ መስመር ስለሚጠቀም ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ስለሆነም የሜርክሊን ሰዎች በዚህ አንቀጽ ላይ አስተያየት እንዳይሰጡ ተከልክለዋል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ጽዳት ዘመቻ

ከልብስ ማድረቂያው የሚበነው ብናኝ የከተማዋ ጠላት ነው። ሃዲዱ ላይ ሲያርፍ ኃይል ያቋርጣል፣ ባቡሩም በመንገድ ላይ ሲደናበር ይውላል። በየቅዳሜው ሃዲዱ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይወለወላል። ነዋሪው በዘመቻው እንዲሳተፍ ጥሪ ቢደረግለትም እስካሁን የተንቀሳቀሰ የለም። በክረምት ሃዲዱ የሚጎብጠውም በብረቱ ምክንያት አይደለም፤ ማሞቂያው ኮምፔርሳቶውን አድርቆ ሲያኮማትረው ብረቱ መሄጃ አጥቶ ነው።

አንቀጽ 8፦ ስለ ደቻቱ

የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ይሆናል። ሬዚን አፍስሶ የሚያብረቀርቅ ውሃ መሥራት የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ፈተና ነው፤ ደቻቱ ግን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ከከዚራ መጋላ የሚሻገር ሰው ጫማውን አያወልቅም። ጎርፉን በጌጥነት ማሳየት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ የወሰደው ሰው ብዙ ነውና በዚህ ላይ አንቀልድም።

አሸዋውን ከራሱ ከደቻቱ ለማስመጣት ታስቦ ነበር። የአሜሪካ ጉምሩክ አፈር በሻንጣ አያሳልፍምና የልጆች መጫወቻ አሸዋ በወንፊት ተነፍቶ ተተክቷል።

አንቀጽ 9፦ ስለ ሰዓት

አንድ የቤት ሰዓት አሥራ ሁለት የከተማ ሰዓት ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነጋል፣ ይመሻል። እራት ቀርቧል ተብለን ስንጠራ «አምስት ደቂቃ» ብለን አንድ ሰዓት ብንቆይ በከተማዋ አቆጣጠር ቃላችንን እንደጠበቅን ይቆጠራል። የላይኛው ምክር ቤት ስሌቱ ተገልብጧል ብሏል። ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው።

አንቀጽ 10፦ ስለ አዲሱ መስመር

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሃዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእኛ መጠን 16.5 ይሆናል። ይህ በአሜሪካ ማንኛውም የሆቢ ሱቅ የሚገኝ፣ ዋጋው የሚቀመስ ነው። የእኛ 12 ሚሊ ሜትር ግን ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ እየታዘዘ ይመጣል። የምኒልክ ስዊዛዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የአሮጌውን ባቡር ፈቃድ ከተቀበለ ጀምሮ በዚያ መስመር ሰበብ ገንዘብ ወደ አውሮፓ መሄዱ የቆየ ልማድ ስለሆነ አስተዳደሩ አያፍርበትም። አዲሱ ባቡር በድሬ መሃል አያልፍም፣ ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው። እኛም በዚያው ልክ ከሶፋው ወዲያ ቦታ ሰጥተነዋል።

አንቀጽ 11፦ ስለ እንግዶችና ስለ ቅጣት

«ባቡሩ ለምን አይፈጥንም?» የሚል እንግዳ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ መጠን በሴኮንድ 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሚሄድ ይነገረዋል። ድጋሚ ከጠየቀ መቆጣጠሪያውን ለልጁ እንሰጣለን፤ ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲወድቅ ራሱ ያነሳዋል። «ይህ ሁሉ ስንት ፈጀ?» ብሎ ከደረጃው በላይ በሚሰማ ድምፅ የጠየቀ እንግዳ ግን ቡናው በረካ ሳይደርስ ይሸኛል።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይወጣ በማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የላይኛው ምክር ቤት አዋጁን ከአንቀጽ 4 በስተቀር እንዳለ አጽድቆታል። የወደቡ ኪራይ ከአንድ ቅርጫት ወደ ሁለት ከፍ ብሏል፣ አንሶላም ተጨምሮበታል።