ቁልፉን ማን ነካው?

ወይ ዘመን! ማታ ደኅና ያደረ አፕ ጠዋት «አፕዴት ሆኛለሁ» ብሎ ሌላ ፊት ይዞ ይነሣል። መደወያው ከነበረበት ተነቅሏል፤ መልእክቶቼ ወደማላውቀው ጥግ ተሰደዋል፤ በቦታቸው አንዲት ልጅ ትጨፍራለች። ትጨፍር፣ አልጠላሁባትም። እኔ ግን የፈለግሁት ኮምቦልቻ ያለችውን እኅቴን ነው። እዚህ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም ያሉትን ልጆች ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይለምዱታል ጋሼ።» እንዴት ብዬ? ስለምደው እንደገና ሊቀይሩት አይደለም እንዴ!

እኔ ያረጀሁት ከደማም ኮባር ስነዳ ነው። የጃፓኑንም የኮሪያውንም የአሜሪካኑንም መኪና ይዣለሁ። ነዳጁ በቀኝ፣ ፍሬኑ ከጎኑ። ሌሊት ገብቶ ፍሬኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ «ይለምዱታል» ያለኝ ፋብሪካ የለም። ከኮባር ባሕሬን የሚያሻግረው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ እንኳ በፈረንጆቹ 1986 ከተከፈተ ጀምሮ ካለበት አልተነሣም።

አዲስ አበባ ኮምፒውተር የተማረ የእኅቴ ልጅ አለ። ብሶቴን ስነግረው ሳቀና፣ ለዚህም ሊቅ አለው አለኝ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል ዴንማርካዊ በፈረንጆቹ 1994 አሥር ደንብ አውጥቷል። አንደኛው፣ ሰውን የት ነበር ብሎ እንዲያስታውስ አታስጨንቁት፣ የሚፈልገውን ዐይኑ ሥር አድርጉለት የሚል ነው። ይኸው ሰው በ2000 ደግሞ፣ የአንድን ነገር አብዛኛውን ጉድለት ለማግኘት አምስት ሰው ሲጠቀምበት ማየት ይበቃል ብሎ ጽፏል። አምስት ሰው! እኛ ጁምዓ ሰግደን ሻይ የምንጠጣው አምስት አይደለን? ፈተናው በዚያው ተጀመረ።

የመጀመሪያው የባቲ ሰው ነው። ቮይስ ይልካል። ቮይስ ለመላክ ጣት ሳይነሣ ተጭኖ መቆየት አለበት፤ ለቀቅ ካደረጉት ያለበትን ያህል ይዞ ይሄዳል። የኮባርን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከኤሲ መኪና ሲወርዱ የባሕሩ እርጥበት መነጽሩን በጉም ይሸፍነዋል፣ ጣት በላብ ይርሳል፣ ስልኩም ላቡን ከጣቱ መለየት ያቅተዋል። ወዳጄ አገር ቤት ላለው ልጁ «በሬውን ሽጠው ቢሉህ እሺ እንዳትል» ሊል ፈለገ። ጣቱ ተንሸራተተበት። የደረሰው «በሬውን ሽጠው» የሚለው ብቻ ነው። ልጁ ታዛዥ ነው፤ አባቱ የተናገረውን በገዛ ድምፁ ሰምቶ በሬውን ሸጠው። አሁን ይህ የማን ጥፋት ነው? የሽማግሌው ነው ትሉኛላችሁ።

ሁለተኛው መርዶ ሰምቶ ሊያለቅስ ፈለገ። ከሥር ከተደረደሩት ቢጫ ፊቶች እንባ የሚያፈሰውን መርጦ ሦስት ጊዜ ደረደረው። ለካ ፊቱ የሚያነባው በሳቅ ነው! ይህ ፊት በፈረንጆቹ 2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ተብሎ የተሾመ ነው አሉ። ይሾም፤ ግን በዚያች መጠን፣ የእኛን ዕድሜ የደረሰ ዐይን የሳቅ እንባን ከለቅሶ እንባ የሚለየው በምንድን ነው? ሐዘንተኞቹ ተቀይመው ሽማግሌ ልከን ነው ያስታረቅናቸው።

ሦስተኛው ዐረብኛ አሳምሮ ያነባል። ስለዚህ ስልኩን ሻጩ ኮባር በዐረብኛ እንዳስተካከለለት ትቶታል። ዐረብኛ ሲሆን ገጹ ሁሉ ይገለበጣል፤ ወደኋላ መመለሻው ቀኝ ይሄዳል። ልጆቹ ከአገር ቤት ወግ ይርቃል ብለው ወደ አማርኛ መለሱለት። ቁልፎቹ በሙሉ ጎናቸውን ቀየሩ፤ ጣቱ ግን በልማዱ ወደ ቀኝ ሄደ። እዚያ ጥግ የነበረችው ስም የሌላት ክብ የላይቭ መጀመሪያ ናት። የእግሩን ጥፍር ሲቆርጥ ዘመድ አዝማድ በቀጥታ ተከታተለው፤ አንዳንዱም ልብ ላከለት።

አራተኛው መነጽሩን ረስቶ መጥቷል። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ የኔን አልናገርም።

ሠሪዎቹ ሳያውቁ ቀርተው ቢሆን እኮ ይቅር ባልኩ። ጎግል ራሱ ለአፕ ሠሪዎች የሚነካ ነገር ሁሉ ስፋቱ ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል ይሁን ብሎ ይመክራል። ግዛ የምትለዋን ቁልፍ ከዚያም አስፍተው ይሠሯታል። የማስታወቂያ መዝጊያዋን ኤክስ ግን በአጉሊ መነጽር ፈልጉ! ስትስቷት ማስታወቂያው ወደ ሱቁ ይዟችሁ ይገባል። ይህንን አለማወቅ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ካለ ይምጣ።

ነገሩ የእርጅና ነው የሚሉኝን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ስናፕቻት መልኩን ሲለውጥ፣ የድሮውን መልሱልን የሚል አቤቱታ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሟል። ስናፕቻት የማን መዋያ ነው? የወጣቱ። ወጣት ሲያማርር አቤቱታ፣ እኛ ስናማርር ጭቅጭቅ!

እናንተ አፕ የምትሠሩ፣ በተለይ የአገራችን ልጆች፣ ስሙን። ከየምልክቱ ሥር ስሙን በፊደል ጻፉበት፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነውና ምክንያት የላችሁም። መደወያውን ካለበት አትንኩት። ላይቭ ከመጀመሩ በፊት ደግማችሁ ጠይቁን። ሞካሪ ካስፈለጋችሁ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ደማም ኑ፤ አምስታችንም አለን፣ ሻዩንም እኛ እንከፍላለን።