ነፋስ ለሚጋልብ ልጅ ሰዓት ምረጥ አሉኝ

አቤት ዘንድሮ! ሰው ሲሸመግል ይመረቅበታል፣ ምክር ይጠየቃል፣ ቡና ቀርቦለት ይከበራል ብዬ ስጠብቅ፣ እኔ በስተርጅና የባሕር ሰዓት መራጭ ሆኜ አረፍኩት። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ደጋ ላይ ነው። ውኃ ለእኔ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበት፣ ሲሞላ ደግሞ ዳር ቆመው እስኪጎድል የሚጠብቁት ነገር ነው። የልጅ ልጄ ግን የእስራኤሏ የባሕር ዳር ከተማ የናታኒያ ልጅ ነው። የውትድርና አገልግሎቱን ሲጨርስ ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ ስጦታ እንግዛለት ተባለ። የአንገት ሐብል ብል ማን ሰምቶኝ! እሱ የፈለገው ለካይት ሰርፊንግ የሚሆን፣ ውኃ የማያስገባ፣ ጂፒኤስ ያለው የእጅ ሰዓት ነው። "አባባ፣ አንተም ና፤ አብረን እንመርጣለን" አለኝ። "አንተ" ነው የሚለኝ። እሱንም ችያለሁ።

ካይት ሰርፊንግ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከናታኒያ በስተሰሜን ቤት ያናይ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጎረምሳው ሁሉ እዚያ ይግተለተላል። ወገቡን በወፍራም ቀበቶ ይታጠቅና እግሩን ቦርድ ላይ ይሰካል። ከዚያ 20 ሜትር በሚያህል ገመድ ጫፍ የእኔን መኝታ ቤት የሚያክል፣ ካይት የሚሉትን 12 ካሬ ሜትር ጨርቅ ወደ ሰማይ ይለቅና ነፋሱ እየጎተተ ባሕር ለባሕር ያንከራትተዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ነፋሱም ነፋስ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ ይሰነብትና በሰንበት ይነሣል። ይኼ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብዬ ብናገር ልጁ ሳቀብኝ። ለካ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ገብቶ፣ ማርሴይ ባሕር ላይ ሜዳሊያ ተሸልሞበታል። እኛ ኦሊምፒክ ሲባል የምናውቀው የአበበ ቢቂላን ባዶ እግር ነበር።

ሱቅ ገባን። ሻጩ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ ነው። አንዱን ሰዓት አገላብጬ "50 ሜትር" የሚል ጽሑፍ አየሁና "ይበቃል! ይኼ ልጅ 50 ሜትር ከሰጠመ ሰዓቱን ማን ያይለታል?" አልኩ። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። 50 ሜትር ማለት 50 ሜትር ማለት አይደለም አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ 5 ኤቲኤም (የግፊት ልክ ነው) ወይም 50 ሜትር የተባለ ሰዓት፣ ያን ጥልቀት የሚያህል ግፊት የቻለው ሳይንቀሳቀስ በተፈተነበት ቦታ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ በእጁ ባሕሩን የሚደልቅ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃውን የሚያግደው ጎማም ያረጃል፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና ደግሞ ቶሎ ይጨርሱታል። ስለዚህ ለተራ ዋና 50 ሜትር ይበቃል፤ ለእንዲህ ያለው ጉድ ግን 100 ሜትር፣ ማለትም 10 ኤቲኤም የተጻፈበት ይሻላል። ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲያ ብሎ መጻፍ ማንን ገደለ? ድሮኮ ነጋዴ እንኳ ምስክር ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ሮሌክስ ውኃ የማያስገባ ሰዓቱን መርሴዲስ ግላይትዝ በምትባል እንግሊዛዊት ዋናተኛ አንገት ላይ አንጠለጠለው። ሴትዮዋ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ብርዳም ባሕር ከ10 ሰዓት በላይ ስትዋኝ ቆይታ ስትወጣ ሰዓቱ ይሠራ ነበር። ምስክር ማለት እንዲህ ነው!

ሻጩ ቀጠለና መስተዋት የመሰለ፣ በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ሰዓት አመጣ። ሲያብለጨልጭ ዓይን ያጠፋል። እኔም ከያዝኩት ጠርሙስ ውኃ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረግሁበት። ሰዓቱ ብቻውን ያብድ ጀመር፤ አንዱን ገጽ ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል፣ ጭራሽ ሙዚቃ ጀመረ። በእርጥብ ጣቴ ዝም በል ብለው አልሰማ አለኝ። ሻጩ "ምን እያደረግህ ነው!" ብሎ ነጥቆኝ በሸሚዙ ጠረገው። ውኃ የማያስገባ ሰዓት እየሸጠ ውኃ ሲያይ የሚደነግጥ ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ውኃ ውስጥ ስክሪናቸው እንዲቆለፍ ማድረግ ይቻላል አለኝ። የተቆለፈን ነገር ባሕር ላይ የሚያዘው ታዲያ ምኑ ነው? በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ያስፈልገዋል። ወደ ጥግ የተጣለ፣ መልኩ የማያምር፣ አምስት ቁልፍ ያለው ሰዓት አየሁ። በእርጥብ እጅም በጓንትም ሲጫኑት እሺ ይላል። ልቤ እሱ ላይ ቀረ።

ጂፒኤሱን ደግሞ ተዉት። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳተላይቶች አሉ፤ ሰዓቱ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ሰምቶ ያለህበትን ይነግርሃል አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ሞገዱ ውኃ ውስጥ ስለማይገባ ዋናተኛ እጁን በነከረ ቁጥር ይጠፋበታል። ካይት የሚይዝ ሰው ግን እጁ ከውኃ በላይ ስለሚሆን በደንብ ያገኘዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የእስራኤል ጦር የድሮንና የሚሳኤል መንገድ ለማሳት ጂፒኤሱን ሲያውክ፣ ቴል አቪቭ የተቀመጠውን ሰው ስልኩ "ቤሩት ኤርፖርት ነህ" ይለው እንደነበር ረሳችሁት? እኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር ተነሥተን በሌሊት በእግራችን ወደ ሱዳን ስንወርድ ሳተላይት አልነበረንም፤ መንገድ መሪ ነበረን። መንገድ መሪው ስንት ጊዜ አሳስቶናል፤ ቤሩት ግን አልወሰደንም።

ለመሆኑ ልጁ ይኼን ሁሉ ሳተላይት ለምን ፈለገ? መንገድ ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ፤ ለጉራ ነው! ከባሕር እንደወጡ ሰላምታ የለ፣ ፎጣ የለ፤ ክንድ ለክንድ ገጥመው ቁጥር ያስተያያሉ። የሁለት ሴኮንድ ፍጥነት፣ የ10 ሴኮንድ አማካይ፣ የ500 ሜትር አማካይ። እሱም በኪሎ ሜትር ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ በኖት ነው፤ አንዱ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አሌክስ ኬዘርግ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2017 በካይት በ500 ሜትር ላይ በአማካይ 57.97 ኖት በርሯል፤ በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የእኛ ሰፈር አውቶቡስ ይህን ፍጥነት ያየው በሕልሙ ነው። የልብ ምትም ይቆጥራል አሉ። ሰዓቱ ከዋና ልብሱ እጅጌ በላይ ከታሰረ ግን ብርሃኑ ቆዳ ስለማያገኝ መቁጠሩን ይተዋል፤ ከእጅጌው ሥር ከታሰረ ደግሞ አይነበብም። የልብ ምት ለማወቅ የፈለገ ዳር ቆሜ የማየውን የእኔን ልብ ይቁጠር።

የባትሪውም ነገር ያው ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሳምንታት ዕድሜ ጂፒኤሱ ሲጠፋ ነው፤ ሲበራ በሰዓት የሚቆጠር ይሆናል። ማሰሪያውንም አትመኑት፤ የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ በእጅ የሚያዘው የካይቱ ዘንግ አንዱን ቢመታው ሰዓቱ ለዓሣ ሲሳይ ነው። በሰዓቱ ሥር የሚያልፍ አንድ ወጥ የናይለን ማሰሪያ ከሆነ ግን አንዱ ቢወልቅ ሌላው ይይዘዋል።

ገዛነው፤ ባለ አምስት ቁልፉን። ልጁ መልኩ አላማረውም ነበር፤ ዋጋውን ሲሰማ አማረው። እናንተም አያቶች፣ እንዲህ ያለ ስጦታ ግዙ ከተባላችሁ 100 ሜትር የተጻፈበት፣ ቁልፍ ያለው፣ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ፣ ማሰሪያው ከእጅጌ በላይ የሚደርስ ይሁን። ከባሕር በተመለሰ ቁጥር በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ጨው ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ ይበላዋል። ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲጮህ ደወሉን ራሳችሁ ሙሉት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ሳተላይት ደግሞ "ልጄ፣ መሽቷል፣ ግባ" አይልም።